የጎረቤት ዋይፋይ የእኔን እያነቀው ነው፣ ምን ይሻለኛል?

ይህን የውይይት ክር መጀመሪያ ያየሁት ልተኛ ስል ነው። ሁለት ሦስት መልስ አይቼ ልዘጋው ነበር፤ አልሆነልኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ስነሳ መልሱ 30 አልፏል። ከመሃል አንዱ የእኔ ነው፣ እሱም ብዙ አላስመሰገነኝም። ላመለጣችሁ ነገሩ እንዲህ ሄደ።

ጠያቂው አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ግራ ጎረቤት፣ ቀኝ ጎረቤት፣ ከላይ ጎረቤት፣ ከታች ጎረቤት። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ዝርዝሩን ሲከፍት 23 ስም ይደረደርለታል። ጠዋት ጠዋት ምንም ችግር የለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲያልፍ ግን ጉዱ ይፈላል። የቪዲዮ ጥሪው የሰውየውን አፍ እንደተከፈተ አድርቆ ያስቀረዋል። ድምፅ ይቆራረጣል። ፊልም ልይ ካለ ያቺ ክብ ነገር ስትሽከረከር ያመሻል። በአየር ላይ ያሉትን የዋይፋይ ሲግናሎች የሚያሳይ አፕ አውርዶ ሲያይ፣ በግድግዳ የሚዋሰነው ጎረቤት ዋይፋይ እሱ ሳሎን ውስጥ -48 ዲቢኤም ይደርሳል (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ለዜሮ በቀረበ መጠን ይጠነክራል)። የራሱን ራውተር ሲግናል መኝታ ቤት ሲሆን ከዚያ ደካማ ሆኖ ነው የሚያገኘው።

ዝም ብሎም አልተቀመጠም። አፑ ላይ ማንም የሌለበት ቻናል (ዋይፋይ የሚያወራበት የአየር መስመር) 3 መሆኑን አየና ወደዚያ ገባ። የቻናሉን ስፋትም ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርትዝ ከፍ አደረገ፤ ሰፊ ከሆነ ይፈጥናል ብሎ። ባሰበት። እና ሁለት ነገር ይጠይቃል። የጎረቤትን ሲግናል ከቤት ማስወጫ መንገድ አለ ወይ? ከሌለስ አቤት የሚባለው ለማን ነው? ልብ በሉ፣ ጥያቄው ሲጀመር ጥፋተኛው ተፈርዶበት አልቋል።

መልስ 1 ጨዋ ነው። እርስዎ እያለ ነው የሚጽፈው። ከጎረቤት ጋር ከመጣላትዎ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ይሰኩና በዚያው በምሽቱ ሰዓት ይሞክሩት የሚል ነው ምክሩ። በኬብልም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ችግሩ አየሩ ላይ ሳይሆን ወደ ቤት የሚገባው መስመር ላይ ነው። መስመሩም ማታ ማታ ሊጨናነቅ ይችላል። በኬብል ደህና ከሆነ ያኔ ስለ ዋይፋይ እናውራ ይላል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ መልስ ይሄ ነበር። ከ20 መልስ በላይ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

መልስ 2 ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። መልስ 3 ራውተሩን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። እንለፋቸው።

መልስ 4 ላይ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጣ። ጠያቂው ያለበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ አየር (እነ ቻናል 3 ያሉበት የሬዲዮ ድግግሞሽ ሰፈር) ብዙዎች እንደሚመስላቸው ሰፊ እንዳልሆነ ያስረዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 83.5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው። ቻናሎቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ሲደረደሩ እንደ ክፍል ቁጥር ይመስላሉ እንጂ በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ከአንዱ ቻናል መሃል ወደ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርትዝ ነው። አንድ ዋይፋይ ግን ቢያንስ 20 ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ቻናል 3 ባዶ የሆነው ማንም ስላላገኘው አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ስለማይገባበት ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ግራ እግሩ 1 ላይ፣ ቀኝ እግሩ 6 ላይ ነው። በ40 ስፋት ደግሞ ተዘርግቶ ተኝቷል ማለት ነው።

በ5ኛው ጠያቂው አመሰገነ። ግን አልተዋጠለትም። ጎረቤቱ 1 ላይ ከሆነና እሱም 1 ላይ ከገባ፣ እላዩ ላይ ሄዶ መቀመጥ አይሆንም ወይ? ከሰው ሸሽቶ ጭር ያለ ቦታ መፈለግስ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። መልስ 6 ይህንኑ ይዞ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። በዚያው ቻናል ላይ ሌላ ዋይፋይ እያወራ ከሰማ ዝም ይላል፣ ሲጨርስለት ትንሽ ቆጥሮ ይጀምራል። ሁለት ጎረቤቶች አንድ ቻናል ላይ ሲሆኑ አንድ ማይክ ይዘው ተራ እንደሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ይዘገያሉ፣ ግን ይደማመጣሉ። ቻናል 3 ላይ ያለው ሰው ግን 1 ላይ ያለውን ንግግር መሆኑን አያውቀውም፤ ጫጫታ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ተራ አይጠብቅለትም፣ እላዩ ላይ ይናገርበታል። ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ሁለቱም እንደገና ይልካሉ። ቁጥሩንም አስቀመጠ። ዋይፋይ የዋይፋይን ንግግር ለይቶ ሲያውቅ እስከ -82 ዲቢኤም ድረስ ደካማ ቢሆንም ይታገስለታል። ምንነቱን ላልለየው ጩኸት ግን እስከ -62 ካልደረሰ ግድ የለውም። የሁለቱ ልዩነት 20 ዴሲቤል ነው፣ በጉልበት ሲታይ 100 እጥፍ።

መልስ 7 ሳቅ ብቻ ነው። ሰዎች ከዋይፋይ ትዕግሥት መማር አለባቸው የሚል ነገር ጣል አድርጎ ሄደ።

መልስ 8 ያራሚ ነው። በየክሩ አንድ አይጠፋም። 1፣ 6፣ 11 ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም ባይ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው የቢ ዓይነት ዋይፋይ ነው፤ እሱ 22 ሜጋኸርትዝ ይዞ ነበር የሚሄደው። የዛሬዎቹ 20 ስለሚበቃቸው፣ እስከ ቻናል 13 በተፈቀደበት አገር 1፣ 5፣ 9 እና 13 ብሎ አራት ማስቀመጥ ይቻላል። ትክክል ነው። ግን ራሱ መልሶ አፈረሰው። ሠፈሩ ሁሉ 1፣ 6፣ 11 ላይ ተቀምጦ እያለ አንድ ሰው ብቻውን 9 ላይ ቢገባ፣ ያው የቻናል 3 ታሪክ ነው የሚደገመው። መልስ 4 ላይ ያለው ሰውዬ አውራ ጣት ሰጠው። እስከዚህ ድረስ እንዲህ በሰላም ነበርን።

መልስ 9ን ወድጄዋለሁ። 23 ስም መታየቱ በራሱ ምንም እንዳልሆነ ይናገራል። ዋናው የስሙ ብዛት ሳይሆን ማን ስንት ደቂቃ አየሩን ይዞ ያወራል ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ራውተር ማንንም አያስቸግርም። እዚህ ላይ ግን አንድ ግን አስገባ። የተቀመጠውም ቢሆን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እዚህ ነኝ እያለ ይጣራል። ያ ጥሪ 250 ባይት ቢሆንና በጥንቱ በ1 ሜጋቢት ፍጥነት ቢላክ፣ አንዱ ራውተር ብቻ ከአየሩ ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ይበላል። 10 ራውተር አንድ ቻናል ላይ ቢሰለፍ ማንም ምንም ሳይከፍት የአየሩ አንድ አምስተኛ አለቀ። መድኃኒቱ ራውተሩ ላይ የድሮውን የቢ ሞድ ማጥፋት ነው። ማታ ማታ የሚብሰው ለምን እንደሆነም ነገረን። ሰው ከሥራ ሲገባ ነዋ! ቻናሉ ላይ አንድ አሮጌ ዘገምተኛ ስልክ ካለ ደግሞ ሌላው በአንድ ቅጽበት የሚጨርሰውን እሱ እየጎተተ አየሩን ይዞ ይቆያል።

እግረ መንገዱንም እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ስቲቭ ጆብስ አይፎን 4ን መድረክ ላይ ሲያስተዋውቅ ገጹ አልከፈት ብሎት የተቸገረበትን ቀን አነሳ። ኋላ ላይ በአዳራሹ ውስጥ 570 የዋይፋይ ጣቢያ እንዳለ ለታዳሚው ነግሮ፣ እባካችሁ ዝጉልኝ ብሎ ለምኗል። ስልኩን የሠራው ሰውዬ እንኳ አየሩን ሊያዝዘው አልቻለም።

መልስ 10 ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ሂድ ነው። አጭር ግን የተሟላ ነው። ያኛው ድግግሞሽ በግድግዳ ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያወራዋል። ጎረቤት ለበዛበት ሰው ግን በረከት ነው፤ የጎረቤት ሲግናል እዚያው ጎረቤት ቤት ይቀራል። ቻናሎቹም ብዙ ናቸው። አብዛኛው ራውተር ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ ስለሚከመር ከ52 እስከ 64 ወይም ከ100 በላይ ያሉትን ይሞክር ይላል። አንድ ነገር ግን ይወቅ፤ እነዚህን ራዳሮችም ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ ራውተሩ ከመክፈቱ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። ራዳር ከሰማ ለቅቆ ይወጣል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። ዋይፋዩ በድንገት ድርግም ቢል እንዳይደነግጥ ነው። በመጨረሻም የ2.4 እና የ5 ስም ተመሳሳይ ከሆነ ስልኩ ደካማውን ሙጥኝ ሊል ስለሚችል ስማቸውን ለያይቶ እንዲሞክር መከረ። ይህን ምክር አስታውሱት፣ በኋላ ይመጣል።

11ኛው እኔ ነኝ። የጻፍኩት የራሴን ጉድ ነው። ላፕቶፔ በ2.4 ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያሰቃየኝ የላይኛውን ቤት ስጠረጥር ነበር። ኮቴያቸውን ሳይቀር ጠላሁት። ከዚያ አንድ ማታ ፎቶዎቼን ገልብጬ ጨርሼ ውጫዊ ሃርድ ዲስኬን ስነቅል ዋይፋዩ ዘለለ። መልሼ ሰካሁት፤ ወደቀ። ነቀልኩት፤ ተነሳ። እንደ ልጅ አንድ አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ለካ ያቺ ሰማያዊ ቀዳዳ ያላት ዩኤስቢ 3 ስትሠራ በ2.4 አካባቢ ጫጫታ ትረጫለች። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን አጥንቶ ጽፎታል። ገመዷን በረዘመ ቀይሬ ዲስኩን ከላፕቶፑ አራቅኩት፣ አበቃ። የላይኞቹ ሰዎች ምንም አያውቁም።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ማይክሮዌቭም ዋይፋይን ይረብሻል ብዬ ጨመርኩበት። ምግብ ማሞቂያው 2.45 ጊጋኸርትዝ ላይ የሚሠራው ውኃ በዚያ ድግግሞሽ ስለሚርገበገብ ነው ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ።

መልስ 12 አልማረኝም። ተረት ነው አለ። የውኃ የመምጠጥ ጣሪያ ከዚያ በጣም ርቆ፣ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ማይክሮዌቭ እዚያ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1947 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያ ሰፈር ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያ ስለተሰጠ ነው። ዋይፋይም ብሉቱዝም እዚያ የገቡት በኋላ ነው፣ ፈቃድ የማይጠየቅበት ቦታ ሆኖ ስላገኙት። በሌላ አነጋገር ማይክሮዌቭ ነባር ነዋሪ ነው፣ እኛ ነን የመጣንበት። ተቀበልኩ። በአንድ ነገር ግን ደገፈኝ፤ መረበሹን ይረብሻል። የቤት ማይክሮዌቭ የሚረብሸው በኤሌክትሪኩ ዑደት ግማሽ ላይ ብቻ ነው። 50 ዑደት ባለበት አገር 10 ሚሊሰከንድ ይጮኻል፣ 10 ሚሊሰከንድ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ዋይፋይ ጨርሶ ሳይሞት የሚያነክሰው።

መልስ 13 ከዚያው ከማይክሮዌቭ ተነስቶ አውስትራሊያ ደረሰ። ፓርክስ የሚባለው ትልቁ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ምንጩ የማይታወቅ አጭር ፍንጥቅ ይመዘግብ ነበር። ምንነቱ የታወቀው በ2015 ነው። ሠራተኞች ምሳቸውን ሲያሞቁ መቆም አቅቷቸው፣ ማይክሮዌቩ ሳይጨርስ በሩን ከፈት ያደርጉ ኖሯል። የሰማይ ተመራማሪዎች 17 ዓመት በገዛ ወጥ ቤታቸው ከተታለሉ እኛማ ጎረቤት ብንጠረጥር ምን ይገርማል? ይሄ የእኔ ጭማሪ ነው፤ እሱ ታሪኩን ተናግሮ ሄደ።

ከዚህ በኋላ መንገድ ሳትን። መልስ 14 ዋይፋይን የፈጠረችው የሆሊውዷ ተዋናይ ሄዲ ላማር ናት ብሎ ገባ፣ ስለ ሴት ፈጣሪዎች መረሳትም ረጅም አንቀጽ ጻፈ። መልስ 15 ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ቆረጠው። ላማር ከሙዚቃ አቀናባሪው ጆርጅ አንታይል ጋር እ.ኤ.አ. በ1942 ድግግሞሽ እየቀያየረ ለሚሄድ የሬዲዮ ዘዴ ፓተንት አግኝታለች፤ የታሰበውም ጠላት የቶርፔዶን መሪ ሲግናል እንዳያፍን ነው። በዚያ መንገድ የሚዘለው ግን ብሉቱዝ ነው፣ በሰከንድ 1,600 ጊዜ። የዛሬው ዋይፋይ ቻናሉ ላይ ተተክሎ ነው የሚሠራው። መልስ 16 የ14ቱ ሰውዬ መልሶ መጥቶ ነው፣ ንዴት ይዞ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረዱ። እኔ ሁልጊዜ ክር ሲበላሽ የማውቀው በዚህ ነው። ስድብ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ይጠፋል።

መልስ 17 እሳቱ ላይ ቤንዚን አፈሰሰ። ይሄ ሁሉ ትምህርት ለምኔ ነው ይላል። የጎረቤትን ዕቃዎች ከራሳቸው ራውተር እየነጠለ የሚያባርር ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፤ ማታ ማታ 10 ደቂቃ ቢለቀቅበት ሰውዬው ራሱ ቻናል ይለውጣል። ስሙንም ጽፎት ነበር፣ በኋላ ጠፍቷል።

መልስ 18 ከ17ቱ ጋር እንደ ድመትና አይጥ ሆነ። ከክሩ ሁሉ የተቆጣ መልስ ይሄ ነው፣ ግን እየተቆጣም ያስተምራል። ያ ዘዴ የሚሠራው የውሸት የስንብት መልእክት በራውተሩ ስም በመላክ ነው። አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ሥርዓት ደብሊውፒኤ 3 እነዚያን መልእክቶች በማኅተም መጠበቅን ግድ ስላደረገ፣ አዳዲስ ዕቃዎች ላይ ላይሠራም ይችላል። ከሠራ ደግሞ ወንጀል ነው። ማሪዮት የተባለው የሆቴል ድርጅት ናሽቪል ባለ አንድ ሆቴሉ የእንግዶችን የግል ሆትስፖት በዚሁ ዘዴ ሲያቋርጥ ተደርሶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 600,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያን የሚያህል ድርጅት ያላመለጠውን አንተ በላፕቶፕህ ልታመልጥ ነው ወይ የሚል መንፈስ ነው ያለው። በዚያ ላይ ቻናሉን የሚሞላው የራስህ ጩኸት ነው፤ የምትረብሸው አየር አንተም የምትተነፍሰው ነው ሲል ዘጋው።

19ኛውና 20ኛው የሉም። ተሰርዘዋል። ሳይሰረዙ አይቻቸዋለሁ፤ ምንም አልቀረባችሁም። 21 ላይ አወያዩ መጥቶ ስለ ሰው እናት ሳይሆን ስለ ራውተር እንድንነጋገር ለመነን።

መልስ 22 እንደ ምንም ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ግን የተሳሳተ ምክር ይዞ። የራውተሩን የማሠራጫ ጉልበት እስከ ጥግ ከፍ አድርግና ጎረቤትን ዋጠው ነው ሐሳቡ። መልስ 23 ይህን በአንድ አንቀጽ አፈረሰው። ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ አይጮህም። ዋይፋይ ሁለት ሰው የሚያወራበት ነው፤ አንዱ በድምፅ ማጉያ እየተናገረ ሌላው የሚያንሾካሹክ ከሆነ ስልኩ ላይ ሁሉም መስመር ሙሉ ሆኖ ነገር ግን ምንም አይከፈትም። ጎረቤትም መልሶ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ማብቂያ የለውም። ቤቱ ትንሽ ከሆነ እንዲያውም ዝቅ ማድረግ፣ ራውተሩንም ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥቶ ሰው ወደሚቀመጥበት ክፍል ማምጣት ነው የሚሻለው። መስተዋትና የዓሣ ገንዳም ይራቁ ብሏል። አንደኛው ጀርባው ብረት ነው፣ ሌላው ውኃ ነው።

መልስ 24 የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ከራውተሩ ጀርባ ስላቆመ ሰው፣ እንደ ሳተላይት ዲሽ። ሠርቶልኛል ይላል። ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ሳየው ግን ራውተሩ ሳይሆን የሚጠበስ ነገር ነው የመሰለኝ።

መልስ 25 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ሲሞክር ውሏል። ይሄኛውን ሳነብ ወንበሬን አስጠጋሁ።

መጀመሪያ፣ በመጨረሻ ማለት ይሻላል፣ የመልስ 1ን ኬብል ሞከረ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በኬብል መስመሩ ሙሉ ፍጥነቱን ይሰጣል። ስለዚህ ችግሩ በእርግጥም አየሩ ነው። ከዚያ ስፋቱን ወደ 20 መለሰ፣ ቻናሉን ወደ 11 አዛወረ። 11 ላይ አራት ራውተር አለ፣ ግን ሁሉም ሩቅና ደካማ ናቸው። በዚያው ማታ የቪዲዮ ጥሪው አልቆመም። ላፕቶፑንና ቴሌቪዥኑን ወደ 5 አዞራቸው፤ ያኔ ጨርሶ ረሳው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ክሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ግን ሰውዬው ሐቀኛ ነው። የጎረቤቱንም በር አንኳክቷል። ለጠብ ሳይሆን 1 ላይ እንዲቆዩ ለመንገር ነው። የከፈተችለት ሴት ማታ ማታ ከቤት ሆና ነው የምትሠራው። ነገሩን ሲያስረዳት ከትከት ብላ ሳቀችና ስልኳን አወጣች። ዝርዝሩ ላይ ከራሷ ቀጥሎ የተቀመጠውን ስም አሳየችው። ቻናሌን ልቀቁ ይላል። ይሄ አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

እሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ንዴት ሲይዘው የዋይፋዩን ስም ለጎረቤት መልእክት ይሁን ብሎ ቀይሮት ነበር። እኛ ዘንድ አላነሳውም። ከዚያ የባሰው ገና ነው። የሴትየዋ ኢንተርኔት ማታ ማታ መሞት የጀመረው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። እሱ በግድ 40 አድርጎ ቻናል 3 ላይ ከተዘረጋ ጀምሮ ማለት ነው። ቻናል 3 በ40 ስፋት ወደ ላይ ሲዘረጋ ከ2412 እስከ 2452 ሜጋኸርትዝ ይይዛል። የእሷ ቻናል 1 ልቡ 2412 ላይ ነው። የእሱ ዳር የሚያርፈው እዚያው ነው።

መልስ 26 ምንም አላብራራም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የምትለዋን ተረት ብቻ አስቀመጠ። 41 ሰው አውራ ጣት ሰጠው፤ የመልስ 6ን ድካም ሁሉ አንድ ተረት በላው።

መልስ 27 ጠያቂው ነው፣ ትንሽ ከፍቶታል። ጎረቤቷም እኮ -48 ነበረች ይላል። መልስ 28 ሊያጽናናው ሞከረ። ሁለቱም እውነት ነው ባይ ነው፤ አየር ላይ አንዱ ሌላውን ከሰማ ሌላውም እሱን ይሰማል፣ መረባበሽ ሁልጊዜ ሁለት ጫፍ አለው። ጥሩ አነጋገር ነው።

ቀጥሎ ሁለት ጎን የወጡ መልሶች አሉ። መልስ 29 ሲግናል ማራዘሚያ ልግዛ ወይ የሚል አዲስ ሰው ነው። መልስ 30 አትግዛ አለው። ርካሾቹ ማራዘሚያዎች ሰምተው እዚያው ቻናል ላይ ይደግሙታል፤ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ አየር ላይ ይወጣል። ቀድሞ ለተጨናነቀ ሠፈር ሌላ ጯሂ መጨመር ነው። ይልቅ ኬብል ጎትቶ ሁለተኛ ራውተር ማስቀመጥ፣ ወይም አቅም ካለ ወደ 6 ጊጋኸርትዝ መሄድ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 እዚያ ላይ 1,200 ሜጋኸርትዝ ከፍታለች፤ ከ2.4 ሰፈር 14 እጥፍ ይሰፋል። አውሮፓ በ2021 ከዚያ ያነሰውን ፈቀደች። ግን ራውተሩም ስልኩም አዲስ ካልሆኑ ዋጋ የለውም፣ በግድግዳም ከ5 የባሰ ደካማ ነው።

በ31ኛው ጠያቂው እንደገና ብቅ አለ። ስላፈረ የዋይፋዩን ስም ቀይሮታል። በመልስ 10 ምክር መሠረትም 2.4ና 5ን በየስማቸው ለያይቷቸዋል። አሁን ሁሉ ነገር ይሠራል፣ ፕሪንተሩ ብቻ ጠፍቷል። ላፕቶፑ አያየውም፣ ስልኩ አያየውም። ፕሪንተሩ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

መልስ 32 ፕሪንተሩ 5ን የማያውቅ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በ2.4 ስም እንዲሞክረው ነው። መልስ 33 ፕሪንተር የሚያውቀው የድሮውን ስምና ፓስወርድ ስለሆነ እንደ አዲስ ማስተዋወቅ እንዳለበት ነገረው። ማያ ገጽ የለውም፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው ብሎ መለሰ፤ ያ 34 ነው። መልስ 35 አንድ ቀላል መንገድ አለ አለ። የ2.4ቱን ስም መልሶ ቻናሌን ልቀቁ ማድረግ፣ ፕሪንተሩ ወዲያው ራሱ ይገባል።

ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ 36 ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወጣ። ፕሪንተሩን በኬብል ሰክቶታል። መልስ 1 አውራ ጣት ሰጠው።